የናፖሊዮን ዘውድ ከሶፋው በላይ፦ በእጅ የተሳለ ቅጂ ወይስ ሕትመት?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሳሎኔ አንድ ትልቅ ሥዕል አዘዝኩ። የዣክ ሉዊ ዳቪድን «የናፖሊዮን የዘውድ በዓል»። በእጅ የተሳለ፣ የዘይት ቀለም፣ ወርዱ 120 ሳንቲ ሜትር። ሻጩ የላከልኝ ፎቶ ያምራል። ሥዕሉ በቱቦ ተጠቅልሎ መጣ። አስወጠርኩት፣ ወርቃማ ፍሬም አስገባሁለት፣ ከሶፋው በላይ ሰቀልኩት። ከበሩ ላይ ሆኖ ላየው ሰው ቤቱን ቤተ መንግሥት አስመስሎታል።

አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ቀረብ ብላ አየችው። መነጽሯን አድርጋ ደግማ አየችው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለሰርግ ነው ለለቅሶ?» አለችኝ።

ቀርቤ አየሁ። እውነቷን ነው። የናፖሊዮን ሚስት ጆሴፊን ዓይን የላትም፤ ሁለት ቡናማ ነጥብ ነው ያላት። የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 7ኛ ፊት መሆን የነበረበት ቦታ ላይ የተቀቀለ ድንች ተቀምጧል። ከኋላ ያሉት መኳንንት ምስር አክለዋል። ማን እንደሚስቅ፣ ማን እንደሚያዝን በምን ይታወቃል?

ሠዓሊውን መርገም ይቀላል። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር። ሉቭር ሙዚየም ያለው ዋናው ሥዕል ቁመቱ 6 ሜትር ከ21፣ ወርዱ 9 ሜትር ከ79 ነው። እኔ ያንን 1 ሜትር ከ20 አድርጌ አዘዝኩት። ከ8 ጊዜ በላይ አሳነስኩት ማለት ነው። ዳቪድ ከፊት ያሉትን ሰዎች በቁማቸው ልክ ነው የሳላቸው። የአንድ ሰው ራስ ከአገጭ እስከ አናት 23 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል፣ እኔ ግድግዳ ላይ ሲደርስ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህ እንግዲህ የፊተኞቹ ነው፤ የኋለኞቹን ተዉት። እዚያች ላይ አፍንጫ ለማውጣት የሰዓት ሠሪ እጅ ያስፈልጋል። ሠዓሊው የተከፈለው ግን የሰዓት ሠሪ ሒሳብ አይደለም።

መጀመሪያ ሜትር አውጡ

ብዙ ሰው ሥዕሉን ይመርጥና መጠኑን በበጀቱ ይወስናል። እኔ አሁን በተቃራኒው ነው የምሄደው። መጀመሪያ ግድግዳዬን እለካለሁ። ከዚያ የዋናውን ሥዕል ወርድ በግድግዳዬ ላይ በሚኖረው ወርድ አካፍላለሁ። ሰዎቹ በቁማቸው ልክ የተሳሉ ከሆነ 23ን በዚያ ቁጥር አካፍላለሁ። የሚመጣው መልስ ቤቴ ውስጥ የሚኖረው ፊት ቁመት ነው። የዋናው ባለታሪክ ፊት ከ4 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከሁለት ጣት ውፍረት ካነሰ፣ በእጅ የተሳለውን ትቼ ሕትመት እወስዳለሁ። ይህ የራሴ ድንበር ነው፤ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም። ከናፖሊዮኔ ወዲህ ግን አላሳፈረኝም።

ታሪካዊ ሥዕል ላይ ይህ ችግር የሚበረታበት ምክንያት አለ። በአውሮፓ «ታሪካዊ ሥዕል» ሲባል ጦርነትና ንጉሥ ብቻ አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የግሪክና የሮም ተረት ሁሉ እዚያው ውስጥ ይገባል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ አካዳሚ ከሥዕል ዓይነቶች ሁሉ ከላይ ያስቀመጠው እሱን ነው፤ መልክአ ምድርና የአበባ ሥዕል ከታች ነበሩ። ስለዚህ የሚሳለው ለቤተ መንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ወይም ሺህ ሰው ለሚያየው ትልቅ ኤግዚቢሽን ነው። ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ብሎ የሳለ የለም።

ሕትመት፣ «ሕትመት ቅብ» እና የእጅ ቅብ

የወረቀት ፖስተር ርካሽ ነው፤ ከመስታወት ጀርባ ካልገባ ይሸበሸባል። ለተማሪ ክፍል ይሆናል። ስለሱ ብዙ አልልም።

ሸራ ላይ የሚታተመው ሕትመት ግን ስሙ ያለአግባብ ጠፍቷል። ዳቪድ የሳለውን መስመር እንዳለ ይዞ ይመጣል። ዓይኑ ዓይን ነው፣ ጣቱ ጣት ነው። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የጥንት ሥዕሎቻቸውን ትልልቅ ፎቶ በነጻ ለቀዋል። ማንም አውርዶ ጥሩ ማተሚያ ቤት ወስዶ ማሳተም ይችላል። ሠዓሊዎቹ ከሞቱ መቶ ዓመት ስላለፋቸው የቅጂ መብት ጣጣም የለም። የሚጎድለው የቀለሙ አካል ነው። ብሩሹ ያለፈበት ጉብታ፣ መብራት ሲያርፍበት የሚነሳው ነገር የለውም። ከጎን ስታዩት ጠፍጣፋ ነው።

ሕትመት ያሳፍራል የሚል ካለ ቬኒስን ይጠይቅ። ጣልያናዊው ሠዓሊ ቬሮኔዜ በ1563 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከዓድዋና ከአገራችን ሕግ በስተቀር፣ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቃና ዘገሊላን ሰርግ ለሳን ጆርጆ ማጆሬ ገዳም የምግብ አዳራሽ ሳለ። በ1797 የናፖሊዮን ጦር ነቅሎ ፓሪስ ወሰደው። እስካሁን እዚያው ነው። በ2007 ግን ባዶው ግድግዳ ላይ አንድ ቅጂ ተሰቀለ። ዋናው በረቂቅ መሣሪያ ተነሥቶ፣ ሸራ ላይ ታትሞ፣ በእጅ ተስተካክሎ ነው የተሠራው። መጠኑ የዋናው ልክ ነው። ምስጢሩም እዚያ ላይ ነው፤ አላሳነሱትም።

በሕትመትና በእጅ ቅብ መካከል የምትገባ አንዲት ነገር አለች፤ «ሕትመት ቅብ» የምላት። ሕትመት ያትሙና ከላዩ ግልጽ ጄል በብሩሽ ይቀቡበታል። ከዚያ «በእጅ የተሠራ» ይሉታል። ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እጅ ነክቶታል። ዋጋው የእጅ ቅብ ከሆነ ግን ተበልታችኋል። መለየት ከባድ አይደለም። በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ እዩት። ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣብ ከታየ የማተሚያ ሥራ ነው። ሌላው የብሩሹ አቅጣጫ ነው። ልብስ የሳለ ሰው ብሩሹን በልብሱ እጥፋት ያስኬዳል። ጄል የቀባ ሰው ግን ሰማዩንም ፊቱንም ካባውንም በአንድ ዓይነት ሽክርክሪት ያልፈዋል።

እውነተኛው የዘይት ቅብ አፍንጫም አያታልልም። የቀለሙ ማያያዣ የተልባ ዘይት ነው፤ ትኩስ ሲሆን ሽታው ክፍሉን ይሞላል። የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ እየጠነከረ ነው። ላዩ ለመንካት እስኪደርቅ ቀናት ወይም ሳምንታት፣ ውስጡ ደግሞ ወራት ይወስድበታል። ስለዚህ ዛሬ አዛችሁ በሳምንቱ «የዘይት ቅብ» ደጃችሁ ከደረሰ ጠርጥሩ። ወይ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ነው፣ ወይ ቀድሞ ተሠርቶ የተቀመጠ ነው፣ ወይ ያቺ ባለ ጄሏ ናት። አክሪሊክ ነውር የለውም። ዋጋው ግን ይቀንስ። የዳቪድና የሬምብራንት ጥላ በስስ በስሱ ተደራርቦ የሚመጣ ጥልቀት ነው። በፍጥነት በሚደርቅ ቀለም ያንን ማውጣት ብዙ ሠዓሊ ይከብደዋል።

የትኛው ሥዕል ቤት ይገባል?

ለ120 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የዳቪድን «የሶቅራጥስ ሞት» ነው የምለው። የ1787 ሥራ ነው፣ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ነው። ወርዱ 196 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ማሳነስ ያለባችሁ ከግማሽ ባነሰ ነው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው። ከኋላቸው ባዶ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ቅጂ ሠሪው ጊዜውን የሚያጠፋው ፊትና እጅ ላይ ነው።

ይህ ሥዕል ቅጂ ሠሪውን የሚፈትን አንድ ቦታም አለው። ሶቅራጥስ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ግራ እጁ ወደ ሰማይ ይጠቁማል፤ አሁንም እያስተማረ ነው። ቀኝ እጁን ወደ መርዙ ጽዋ ዘርግቷል። ቀዩን የለበሰው የወህኒ ሰው ጽዋውን ይዞለት ፊቱን አዙሯል። የሶቅራጥስ ጣቶች ጽዋውን ገና አልነኩትም። በእጁና በጽዋው መካከል ትንሽ ክፍተት አለች። ሥዕሉ ሁሉ የቆመው በዚያች ክፍተት ላይ ነው። ሰውየው ንግግሩን ሳይጨርስ አይጠጣም። ርካሽ ቅጂ ላይ እጁ ጽዋውን ጨብጦ ታገኙታላችሁ። ያኔ ውሃ የሚቀበል ሽማግሌ ይሆናል። ሻጩ ከመላኩ በፊት የዚያችን ቦታ ፎቶ አቅርቦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ካላሳየ ሌላ ፈልጉ።

የዚያው የዳቪድ «የሆራቲዮሶች መሐላ» (1784) ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ዋናው 4 ሜትር ከ25 ወርድ አለው፤ በ120 ሲሳል ፊቱ 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ጥሩ ነው። ሦስት ወንድማማቾች እጃቸውን ወደ ሰይፎቹ ዘርግተዋል፣ ከቀኝ በኩል ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ከጀርባቸው ጨለም ያሉ ቅስቶች ብቻ ናቸው። ቁምነገሩ ቀጥ ያሉት ክንዶች ናቸው። አንዱ ክንድ ትንሽ ከወደቀ መሐላው ታክሲ ማስቆም ይመስላል።

አንድ ሰው ብቻ ለሚፈልግ «ናፖሊዮን አልፕስን ሲሻገር» አለ። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ከ60 ነው፤ ሰውየውና ፈረሱ ሸራውን ሞልተውታል። በ90 ሳንቲ ሜትር ቁመት እንኳ ፊቱ ይታያል። ዳቪድ ይህን ከ1801 እስከ 1805 ባለው ጊዜ አምስት ጊዜ ስሎታል። በአንዱ ካባው ወደ ብርቱካን ያደላል፣ በሌሎቹ ቀይ ነው፤ የፈረሱም መልክ ይለያያል። «ናፖሊዮን በፈረስ» ብላችሁ ብቻ ካዘዛችሁ የትኛው እንደሚመጣ ዕድል ነው። ፎቶውን ላኩላቸው። ሰውየው ተራራውን የተሻገረው በእውነቱ በበቅሎ ነው። ደላሮሽ የሚባል ሠዓሊ በኋላ በበቅሎ ላይ፣ ብርድ የመታው፣ የደከመው አድርጎ ሳለው። ለኔ የበቅሎው ይበልጥብኛል። አገራችን በቅሎ የነገሥታት መጓጓዣ ነበረች፤ ፈረንሳዮች ምን እንዳሳፈራቸው አይገባኝም።

የደላክሯ «ነጻነት ሕዝቡን ስትመራ» (1830) ላይ ችግሩ ቀለም ነው። ሉቭር ሥዕሉን አጥቦ በ2024 መልሶ ሰቀለው። ለዓመታት የተደራረበው ቢጫ ቫርኒሽ (ቀለሙን ለመጠበቅ ከላዩ የሚቀባ ግልጽ ልባስ) ሲነሣ ሁሉም ነገር ተለወጠ። ሙሉ ቢጫ ይመስል የነበረው የሴትየዋ ቀሚስ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ተገኘ፤ ቢጫው ጣል ጣል የተደረገበት ነው። ሰማዩም ተከፈተ። ብዙ ስቱዲዮ ግን እስካሁን ከድሮው ፎቶ ነው የሚቀዳው። የምትቀበሉት ቅጂ እንግዲህ የቫርኒሹን እርጅና ጭምር የቀዳ ነው። ስታዝዙ ከጽዳት በኋላ የተነሣውን ፎቶ ራሳችሁ ላኩ።

የዤሪኮን «የሜዱሳ ታንኳ» ስለምወደው ነው የምጠቅሰው እንጂ ለሳሎን አልመክርም። በ1816 ሜዱሳ የምትባለው መርከብ ስትሰበር ወደ 147 ሰው በእንጨት ርብራብ ላይ ተለቀቀ። ከ13 ቀን በኋላ ሲገኙ በሕይወት የነበሩት 15 ናቸው። ከፊት ያሉት ሬሳዎች ናቸው። እንጀራ ቀርቦ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ከላይ ሬሳ? ለሥራ ክፍል ይሁን። ሌላው ጣጣው መጨለሙ ነው። ዤሪኮ ቢቱመን የሚባል ሬንጅ ነክ ቀለም ተጠቅሟል፤ ያ እየጠቆረና እየተሰነጠቀ ሄዷል። ፈረንሳዮች ራሳቸው ስለ ሰጉ በ1859 እና 1860 ሁለት ሠዓሊዎች በዋናው ልክ ቀዱት። ቅጂው አሚየን ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

ጨለማ ከተነሣ ሬምብራንት ይምጣ። «የሌሊት ዘብ» (1642) በመጠን ደረጃ ያዋጣል። ነገር ግን ጥላው ውስጥ ሰው አለ፣ ከሰውየው ኋላ ሌላ ጥላ አለ። የችኮላ ቅጂ ያንን ሁሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ይደፍነዋል። ከመስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ደግሞ በቃ፣ መስታወት ነው፤ የምታዩት ራሳችሁንና መጋረጃችሁን ነው። ብርሃን ለሌለው ሳሎንም አይሆንም።

ይህን ሥዕል ሳነሣ ግን የራሴን ሕግ የሚያፈርስ ሰው ትዝ ይለኛል። በ1715 «የሌሊት ዘብ» ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ግድግዳው አልበቃ አለና ዙሪያውን ቆረጡት። በግራ በኩል ሰዎች ጭምር ጠፉ። የተቆረጠውን ዛሬ የምናውቀው ኼሪት ሉንደንስ የሚባል ሠዓሊ ቀደም ብሎ በእጁ ቀድቶት ስለነበር ነው። የሱ ቅጂ ወርዱ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ፊቶቹ ግን ፊት ናቸው። ራይክስሙዚየም በ2021 የጎደለውን በኮምፒውተር ሲያሟላ የተመራው በሱ ነው። ስለዚህ ትንሽ አድርጎ መሳል ይቻላል። ጥያቄው የናንተ ሠዓሊ ሉንደንስ ነው ወይ የሚለው ነው።

አገርን የሚያስታውስ ለሚፈልጉ ሁለት አሉ። ክሎድ ሎሬን በ1648 የሳለው «የንግሥተ ሳባ የመርከብ ጉዞ» ለንደን ናሽናል ጋለሪ ነው። ወርዱ 197 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለቤት ይመቻል። ግን ንግሥቲቱን ብላችሁ እንዳትገዙት። ደረጃውን ስትወርድ የምትታየው ትንሽ ምስል ናት፤ መልኳም ፈረንጅ ነው። የሥዕሉ ንጉሥ ፀሐይዋ ናት። ከባሕሩ ላይ ፊት ለፊት ትመጣለች። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ይህን ሥዕል እስከመቅናት ወድዶት፣ ሲሞት የኔ ሥዕል ከሱ ጎን ይሰቀል ብሎ ተናዘዘ። ቅጂ ላይ ሰማዩን እዩት። ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ሳይታወቅ መሸጋገር አለበት፤ መስመር መስመር ከሠራ ተዉት።

ሁለተኛው የሬምብራንት «የጃንደረባው ጥምቀት» ነው። በ1626፣ ገና በ20 ዓመቱ ገደማ ሳለው። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ ተንበርክኮ ፊልጶስ ሲያጠምቀው ነው። ኡትሬክት ከተማ ያለው ይህ ሥዕል 64 በ48 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው! ምንም ማሳነስ የለም። ሬምብራንት የሳለውን ፊት በዚያው መጠን ቤታችሁ ታገቡታላችሁ። በስቱዲዮዎች ዝርዝር ውስጥ ብዙ ጊዜ አታገኙትም፤ ፎቶ ልካችሁ በትእዛዝ ማሠራት ነው።

የራፋኤል «የአቴና ትምህርት ቤት» ሁሌ ይጠየቃል። እሱ እርጥብ ልስን ላይ የተሳለ የግድግዳ ሥዕል ነው፤ አያብረቀርቅም። በዘይት ሲሠራና በቫርኒሽ ሲያብለጨልጭ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰዎቹም ብዙ ናቸው። በማያብረቀርቅ ወረቀት አሳትሙት።

ከማን?

በኢንተርኔት የሚሸጡ የእጅ ቅጂዎች ብዙዎቹ፣ የሻጩ አድራሻ የትም ይሁን የት፣ መነሻቸው ቻይና ነው። ሼንዘን ከተማ ዳፈን የሚባል መንደር አለ። በ1989 ከሆንግ ኮንግ የመጣ ነጋዴ ጥቂት ሠዓሊዎች ይዞ ጀመረው፤ ከዚያ ሺዎች ገቡበት። በአንዳንድ ቤቶች ሥራ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ሰማይ፣ አንዱ ልብስ፣ አንዱ ፊት። እዚያ ጎበዝ አለ፣ ችኩልም አለ። ዋጋው በመጠንና በሰው ብዛት ነው። «ፊቱን የሚሠራው ማን ነው? የሱን ሌላ ሥራ አሳዩኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ከመላኩ በፊት ከጎን መብራት ተደርጎበት የተነሣ ፎቶ፣ ከዚያም የእጆችና የዓይኖች ቅርብ ፎቶ ጠይቁ። ቀረጡንም ቀድማችሁ አጣሩ፤ እኔ ይህን ረስቼ ከሥዕሉ እኩል ተናድጃለሁ።

ሉቭር ውስጥ ዋናው ሥዕል ፊት ቆመው የሚቀዱ ሠዓሊዎችም አሉ። ልማዱ ከ1793 ጀምሮ ያለ ነው። ፈቃድ ያወጣሉ፣ የዋናውን ሠዓሊ ፊርማ አይቀዱም፣ መጠኑም ከዋናው መለየት አለበት። አንዱ ቢሸጥላችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

አዲስ አበባ ላለ ሰው እኔ የምመርጠው የአገር ልጅ ነው። ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የወጣ፣ የሰው ምስል በደንብ የሚያውቅ ሠዓሊ ፈልጉ። አንዳንዱ «ቅጂ አልሠራም» ይላችኋል፤ አይፈረድበትም። የተስማማው ግን ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። ቀብድ ትሰጣላችሁ፣ ንድፉ ሲያልቅ ታያላችሁ፣ ፊቱ ሲያልቅ ታያላችሁ። «ጋሼ፣ እጁ ጽዋውን ነክቷል» ብላችሁ ማሳረም የምትችሉት ቀለሙ እርጥብ ሳለ ነው። ወራት ያስጠብቃል፤ በጥድፊያ ለምርቃት ቀን አታድርሱት።

የአገራችንን ሠዓሊዎች ሥራ ማስቀዳት ግን ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሥራው መብት በሠዓሊው ዕድሜና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያረፉት በ2004 ዓ.ም. ነው። ፈቃድ ሳይኖር አይቀዳም።

የዓድዋ ሥዕልስ?

ከናፖሊዮን በኋላ የገዛሁት የዓድዋ ሥዕል ነው፤ ወርዱ ያው 120። እላዩ ላይ ያለው ሰው ከናፖሊዮኑ አያንስም። ሁሉም ግን ፊት አለው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ባህላዊው የዓድዋ አሣሣል በጥላ አይደለም የሚሠራው። በመስመር ነው። ዓይኑ ትልቅ ነው፣ ዙሪያው በጥቁር ይከበባል፣ ቀለሙ ወጥ ነው። የኛ ሰዎች ከነሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ይሳላሉ፣ ጠላት በጎኑ ባንድ ዓይን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ አጼ ምኒልክ ከጃንጥላቸው ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረሳቸው ላይ። ይህ ሲያንስ አይሞትም። የዳቪድ ፊት የቆመው በብርሃንና በጥላ ሽግግር ላይ ስለሆነ ቦታ ይፈልጋል፤ የኛው በአንድ መስመር ይቆማል። ደግሞ «ዋናው የታለ?» የሚባል ጥያቄ የለበትም። ከ1888ቱ ድል በኋላ ሠዓሊ ከሠዓሊ እየተቀባበለ ሲስለው የኖረ ነው። የብሪታኒያ ሙዚየም ያለውም፣ ቸርችል ጎዳና ሱቅ ውስጥ ያለውም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የገዛችሁት የማንም ጥላ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ግን እዚህም ችኩል አለ። የወታደሮቹን ዓይን ተከታትላችሁ እዩ። ጎበዙ ሁሉንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያሳያቸዋል። ቸኳዩ ጋ እያንዳንዱ ወደ ፈለገበት ነው የሚያየው።

ሲሰቀል

ተጠቅልሎ የመጣ የዘይት ቅብ ቱቦው ውስጥ አይክረም። ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ የተጠቀለለ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። በቶሎ አስወጥሩት። ማዕዘኖቹን መምታት የሚቻልበት፣ ሸራው ሲላላ የሚያጠብቅ ወጠራ አሠሩለት። ከኩሽና እንፋሎትና ከቀጥታ ፀሐይ ይራቅ። ቡና በየቀኑ የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ጥግም ይቅርበት፤ ጢሱ ይለጠፍበታል። ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥም አታስቀምጡት፤ የተልባ ዘይት ብርሃን ሲያጣ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል።

አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አንሡ። እርጥብ ጨርቅ አይንካው፤ ቤት የሚያጸዳ ሰው ካለ ይህን ቀድማችሁ ንገሩ። የመጨረሻው ቫርኒሽ የሚቀባው ቀለሙ ውስጡ ድረስ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ወፍራም ከሆነ ዓመት። ሻጩ «ቫርኒሽ ቀብቼ ነው የላክሁት» ካለ ጊዜያዊው መሆኑን ጠይቁት። ሥዕሉ ያለቀበትን ቀን ከኋላ፣ ሸራው ላይ ሳይሆን ወጠራው እንጨት ላይ፣ በእርሳስ ጻፉት።